ፖል ስኪንስ፦ የ2024 የመጀመሪያ ዓመቱ በፍጥነት ብቻ የመጣ አይደለም

#1 ቡናና_ቤዝቦል

ሰላም ለሁላችሁ። የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ፖል ስኪንስ ስሙ በተነሳ ቁጥር ወሬው «100 ማይል በሰዓት ይወረውራል» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያልቃል። 100 ማይል የሚወረውር ዛሬ ሞልቷል፤ ብዙዎቹ ግን ማይነር ሊግ (ከዋናው ሜጀር ሊግ በታች ያለው) ውስጥ ዎክ (በአራት የሳተ ውርወራ መቺውን በነፃ ቤዝ መስጠት) እያበዙ ይቀራሉ። ይህን ክር የከፈትኩት ልጁ እንዴት እንደተሠራና 2024 ለምን እንደዚያ እንደሰመረለት በዝርዝር እንድናወራ ነው። «ተፈጥሮ የሰጠችው ነው» የሚል መልስ አልቀበልም።

መንገዱ ባጭሩ ይኸው። የካሊፎርኒያ ልጅ ነው፣ ሜይ 29፣ 2002 የተወለደ። 5 ዙር ብቻ በነበረው የ2020 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ማንም አልመረጠውም። ኮሎራዶ ወደሚገኘው የአየር ኃይል አካዳሚ ገባና በ2021 ዋና ሥራው ካቸርነት፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ኳስ መቀበል፣ እና መምታት ሆነ። በዱላው 0.410 መታ (ከ100 ሙከራ 41 ያህሉ ተሳክቶለታል)። ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ጭምብሉን አውልቆ ማውንድ (የወርዋሪው ጉብታ) ላይ እየወጣ 11 ሴቭ (መሪነትን አስጠብቆ ጨዋታ መጨረስ) አስመዘገበ። በ2022 ጀማሪ ፒቸር (ጨዋታውን የሚከፍት ወርዋሪ) ሆነ፣ ካቸርነቱንም አልተወም። ሦስተኛው ዓመት ከተጀመረ የውትድርና ግዴታ ስለሚመጣ ከዚያ በፊት ወደ ሉዊዚያና ስቴት ተዛወረ። እዚያ ዱላውን አስቀመጠ። 2023 ላይ በ122⅔ ኢኒንግ (የጨዋታ ክፍል፣ በጨዋታ 9 ነው) 209 ስትራይክ አውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት)፣ ኢአርኤ 1.69፣ የኮሌጅ ዋንጫ። በዚያው ጁላይ የድራፍቱ 1ኛ ምርጫ ሆነ፣ የፊርማ ክፍያው 9.2 ሚሊዮን ዶላር። የቡድን ጓደኛው ዲላን ክሩስ 2ኛ ተመረጠ።

ሜይ 11፣ 2024 ሜጀር ሊግ ገባ። ዓመቱን የጨረሰው በ23 ጨዋታ፣ 133 ኢኒንግ፣ 11 ድል፣ 3 ሽንፈት፣ ኢአርኤ 1.96፣ 170 ስትራይክ አውት፣ 32 ዎክ ነው። ይህ ሁሉ 76 አሸንፎ 86 በተሸነፈና ከምድቡ መጨረሻ በወጣ ቡድን ውስጥ። የናሽናል ሊግ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ (ሩኪ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች) ሲባል ከ30 ድምፅ 23ቱን ወሰደ፣ በሳይ ያንግ (የምርጥ ፒቸር ሽልማት) ደግሞ ከክሪስ ሴልና ከዛክ ዊለር ቀጥሎ 3ኛ ወጣ።

የኔ አቋም፦ ሦስት ነገር ነው ያደረሰው። ስፕሊንከሩ (የሚጠልቀው ፈጣን ኳሱ)፣ ዎክ አለማብዛቱ፣ እና የክንዱ ጭነት ደረጃ በደረጃ መጨመሩ። ፍጥነቱ ለሦስቱም መነሻ ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም። በሉ እንግዲህ።

#2 ፕሌት_ጀርባ

ስፕሊንከሩን ለኔ ተውልኝ።

ስሙ የስፕሊተርና የሲንከር ቅይጥ ነው፣ ኳሱም እንደ ስሙ። ስፕሊተር ሲያዝ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ኳሱን ግራና ቀኝ በሰፊው ይነክሱታል። ጣቶቹ ከኳሱ ጀርባ ስለሌሉ ብዙ አይሾርም፣ ፍጥነቱም ይወርዳል፣ ፕሌቱ (መቺው አጠገቡ የሚቆመው ሰሌዳ) ጋ ሲደርስ ይጠልቃል። የሲንከር አያያዝ ደግሞ ጣቶቹን ስፌቱ ላይ አጠጋግቶ የሚያስቀምጥ ነው፤ ፍጥነቱ ይጠበቃል፣ ኳሱ ወደ ወርዋሪው ክንድ በኩል ይሸሻል። የስኪንስ ኳስ በሁለቱ መሃል ያለ ነው። ጣቶቹ እንደ ሙሉ ስፕሊተር አይከፈቱም፣ ስለዚህ ፍጥነቱ በአማካይ 94 ማይል ገደማ ይሆናል፣ በኪሎሜትር 151 በሰዓት ማለት ነው። የአብዛኛው ሰው ስፕሊተር 85 እና 88 አካባቢ እንደሆነ አስቡ። ከእሱ በፊት ያኔ የሚኒሶታ የነበረው ሆዋን ዱራን ይህን ኳስ ይወረውር ነበር፣ ግን ዱራን መጨረሻ ላይ ለአንድ ኢኒንግ የሚገባ ነው። ጀማሪ ፒቸር 6 ኢኒንግ ሙሉ ሲወረውረው ነገሩ ሌላ ነው።

ለምን ይሠራል? ፋስትቦሉ (ቀጥተኛው ፈጣን ኳሱ) በአማካይ 98.8 ማይል ነበር። ከማውንዱ እስከ ፕሌት 18.44 ሜትር ነው፣ ግን የ1.98 ሜትር ሰው ተራምዶ ሲለቅ ኳሱ ከእጁ የሚወጣው ወደ 2 ሜትር ቀርቦ ነው። ስለዚህ ፋስትቦሉ ከ0.4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስፕሊንከሩ ከሱ የሚዘገየው በ0.02 ሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው። መቺው በዚያ ጊዜ ውስጥ «ይህ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ዱላውን ሊያዘገይ አይችልም። ፋስትቦል ብሎ ይወነጭፋል፣ ኳሱ ከዱላው ሥር ይገባል። ቢነካውም የኳሱን አናት ነው የሚያገኘው፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፕ ትሄዳለች።

ፍጥነት ይወራል እንጂ የፎር-ሲም ፋስትቦሉ ቅርጽ እንኳ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ክንዱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሳይሆን ወደ ጎን ዝቅ ያለ ስለሆነ ኳሱ «ሳይወርድ የሚቀር» ዓይነት አይደለም፣ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ 99 ማይል ሲባል የምትጠብቁትን ያህል ባዶ አያስወነጭፍም። ስፕሊንከሩ ባይኖር መቺዎች ፋስትቦሉን እየጠበቁ ይመቱት ነበር።

#3 ሌሊት_7፡40

እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማየው፣ ስሜ የፒትስበርግ ጨዋታ የሚጀምርበት ሰዓት ነው 😄 (እነሱ ጋ ከምሽቱ 6፡40)። ሁለት ጥያቄ፦ ኢአርኤ 1.96 ማለት በትክክል ምንድን ነው? ስፕሊንከር ይህን ያህል ጥሩ ከሆነስ ሁሉም ለምን አይወረውረውም?

#4 ሂሳቡ_ይቁጠር

የመጀመሪያውን ልመልስ። ፒቸሩ ተጠያቂ የሆነባቸውን ሩጫዎች በ9 ታባዛለህ፣ ለኢኒንጉ ቁጥር ታካፍላለህ። ስኪንስ 29 ነበሩበት፦ 29 × 9 ÷ 133 = 1.96። ሙሉ 9 ኢኒንግ ቢወረውር በአማካይ 2 ሩጫ እንኳ አይሞላበትም ነበር ማለት ነው። በሜዳ ተጫዋች ስህተት የገባ ሩጫ አይቆጠርበትም።

ግን ቁጥሩ ፍትሐዊ የማይሆንበት ጊዜ አለ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ተመልከት። ከቺካጎ ኩብስ ጋር 4 ኢኒንግ ጨረሰ፣ 7 ስትራይክ አውት አደረገ፣ 84 ፒች ወረወረ፣ ከነዚያ ውስጥ 17ቱ 100 ማይልና ከዚያ በላይ ነበሩ። 5ኛው ላይ አንድም አውት ሳያገኝ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ትቶ ወጣ። ከኋላው የገቡት ፒቸሮች ቤዙ ሞልቶ እያለ ዎክ በዎክ አደረጉት፣ ሁለቱም ሰዎች በእግራቸው ተራምደው ገቡ። ሂሳቡ የተጻፈው በስኪንስ ስም ነው። በራሱ ጊዜ የገባበት አንድ ሩጫ ብቻ ሲሆን መዝገቡ ላይ 3 ሆነ። ፓይሬትስ በመጨረሻ 10 ለ 9 አሸነፉ።

እኔ ከኢአርኤ ይልቅ የማየው ይህን ነው፦ 170 ስትራይክ አውት ለ32 ዎክ። ለአንድ ዎክ ከ5 በላይ ስትራይክ አውት። 94 ሂት (መቺው መትቶ ቤዝ የደረሰበት) እና 32 ዎክ ደምረህ ለ133 ስታካፍል 0.95 ይመጣል፣ በኢኒንግ አንድ ሰው እንኳ ቤዝ አይረግጥበትም። ጀማሪ ፒቸር ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዎክ ነው እንጂ በሆም ራን አይደለም፤ ዎክ ፒች ይበላል፣ ፒች ሲበላ 5ኛው ላይ ትወጣለህ፣ ቡድንህ የደከመ ቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች) ይዞ ይቀራል።

#5 ፕሌት_ጀርባ

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ሁሉም የማይወረውረው ስለሚከዳ ነው።

ብዙ የማይሾር ኳስ ከጣት የሚወጣበት ቦታ በጣም ትንሽ ሲለወጥ ባሕርይው ይለወጣል። ጣቱ በትንሹ ከኳሱ ጀርባ ከገባ ሽክርክሪት ይጨምርና ሳይጠልቅ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መሃል ላይ የተቀመጠ 94 ማይል ቀጥ ያለ ኳስ ሆነ ማለት ነው፣ ሜጀር ሊግ ውስጥ ይህን ማንም ይመታል። ጣቱ ከመጠን በላይ ከተከፈተ ደግሞ ፕሌቱ ሳይደርስ መሬት ይመታል፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ካለ ካቸሩ መከራውን ያያል። ለዚህ ነው ካቸር በዚህ ኳስ ላይ ጓንቱን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ደረቱን ከኳሱ ፊት ማድረግ ያለበት፤ ጉልበት መሬት፣ ጓንት በእግሮች መሃል፣ አገጭ ወደ ደረት።

ብርድም ጠላቱ ነው። በኤፕሪል ምሽት ኳሱ ደርቆ ይንሸራተታል፣ ሮዚን (ለመያዣ የሚቀቡት የሙጫ ዱቄት) ብቻውን አይረዳም፣ ትንሽ ላብ ይፈልጋል። በጣቶቹ የውስጥ ጎን ላይ ስፌቱ ሲፈገፍግ ደግሞ ቆዳው ይቋጥራል። ውሃ የቋጠረ ጣት ያለው ፒቸር ሳያውቀው አለቃቀቁን ይለውጣል፣ ትከሻውን የሚጎዳውም በዚያ ነው።

ከስፕሊንከሩ በተጨማሪ ስላይደር፣ ስዊፐር፣ ከርቭቦልና ቼንጅአፕ (የሚታጠፉ ወይም የሚዘገዩ ኳሶች) አለው። በተለይ ግራ እጅ መቺ ላይ ስፕሊንከሩ ከመቺው እየሸሸ ነው የሚጠልቀው። ቀኝ እጅ መቺ ላይ ወደ እጁ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ስዊፐሩ በተቃራኒው ይወጣል። የፕሌቱ ስፋት 43 ሴንቲሜትር ነው፣ ሁለቱ ኳሶች ሁለቱንም ጠርዝ ይሸፍኑታል።

#6 ደጋማው

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፣ ከፍታ። የአየር ኃይል አካዳሚው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ዝቅ አይልም። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ኳስ የሚታጠፈው እየሾረ አየሩን ስለሚገፋ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ መታጠፉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሉዊዚያና ስቴት ያለበት ባተን ሩዥ ግን ከባሕር ጠለል እምብዛም አይርቅም። ያንኑ ስላይደር በዚያው እጅ ይዘህ ብትወርድ ይበልጥ ይታጠፍልሃል። ለስላይደሩ መሻሻል አሰልጣኙ ዌስ ጆንሰን (ከሚኒሶታ ትዊንስ የመጣ የፒቸሮች አሰልጣኝ ነበር) ብዙ ሠርቷል፣ አልክድም፤ ግን አየሩም ድርሻውን ይውሰድ።

ለዚህ ነው ከደጋ ሜዳ የመጣን ፒቸር በቁጥሩ ብቻ አትመዝኑት የምለው። 2022 ላይ ኢአርኤው 2.73 ነበር፣ እዚያ ከፍታ ላይ። ያ ቁጥር በቆላ ቢሆን ከዚህ በታች ነበር።

#7 ቡናና_ቤዝቦል

@ደጋማው ጥሩ ነጥብ። መምታት መተዉንም ጨምርበት። ካቸር በልምምድም በጨዋታም ሲቀመጥ ሲነሳ ይውላል፣ በዚያ ላይ የዱላ ልምምድ አለ፣ ከዚያ አርብ ማውንድ ላይ ይወጣል። ባተን ሩዥ ላይ የሳምንቱ ጉልበት በሙሉ ለአንድ ጨዋታ ሆነ። በኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ ከዌክ ፎረስት ጋር 8 ኢኒንግ፣ 2 ሂት፣ 9 ስትራይክ አውት፣ 120 ፒች። ያን ቀን በሌላው በኩል ሬት ላውደርም አንድ ሩጫ አልሰጠም፤ ጨዋታው 11ኛ ኢኒንግ ሄዶ 2 ለ 0 አለቀ።

#8 ውልና_ደመወዝ

እንግዲህ ማንም መናገር የማይፈልገውን እኔ ልናገር። ጁን ላይ 120 ፒች የወረወረ ልጅ በሚቀጥለው ኤፕሪል ኢንዲያናፖሊስ ትሪፕል ኤ (የማይነር ሊግ ከፍተኛው ደረጃ) ውስጥ ምን ይሠራል? 7 ጨዋታ፣ 27⅓ ኢኒንግ፣ 45 ስትራይክ አውት፣ ኢአርኤ 0.99። እዚያ የሚማረው ነገር አልነበረውም። ያቆዩት ለቀን ቆጠራ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሜጀር ሊግ ውስጥ 172 ቀን እንደ አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠራል። ስድስት ዓመት ስትሞላ ነፃ ሆነህ ወደፈለግህበት ትሄዳለህ። የ2024 ወቅት ለፓይሬትስ ማርች 28 ጀምሮ ሴፕቴምበር 29 አለቀ። ሜይ 11 ላይ የጠሩት ልጅ 142 ቀን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ዓመት አይሞላለትም፤ ክለቡ አንድ ዓመት አተረፈ ማለት ነው።

ግን ሂሳቡ ተገለበጠባቸው። ከ2022 ጀምሮ ባለው የሥራ ስምምነት በምርጥ ጀማሪ ምርጫ 1ኛ ወይም 2ኛ የወጣ ተጫዋች ቀኑ ባይሞላም ሙሉ ዓመት ይሰጠዋል። ስኪንስ 1ኛ ወጣ፣ ዓመቱም ተሰጠው። ይባስ ብሎ እንዲህ ዓይነት ልጅ ከመጀመሪያው ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሞልቶ ቢያሸንፍ ክለቡ ተጨማሪ የድራፍት ምርጫ ይሸለም ነበር። እሱንም አጡ። ልጁን ያዘገዩት ለትርፍ ከሆነ ትርፉም ዋናውም ሄደ።

በነገራችን ላይ የዚያ ዓመት ዝቅተኛ ደመወዝ 740,000 ዶላር ነበር። ለወጣቶች ከሚከፋፈለው የ50 ሚሊዮን ዶላር ቋት ደግሞ በሳይ ያንግ 3ኛ የወጣ 1.5 ሚሊዮን፣ ምርጥ ጀማሪ 750,000 ይመደብለታል፤ ሁለቱ አይደመሩም፣ ትልቁ ብቻ ነው የሚከፈለው።

#9 ወርቅ_ክንድ

ወንድሜ፣ የቀን ቆጠራው አልነበረም አልልም። ግን «የሚማረው አልነበረውም» ያልከው ላይ አልስማማም። 27⅓ን ለ7 ስታካፍል ከ4 ኢኒንግ ያነሰ ነው። መጀመሪያ 3 ኢኒንግ ገደማ እያለ ነው የጀመረው፣ ቀስ እያለ ጨመረ። ይህን ሜጀር ሊግ ውስጥ ልታደርገው ብትሞክር በየሳምንቱ 5 እና 6 ኢኒንግ በቡልፔን ትሞላለህ፣ ሜይ ሳይገባ ቡልፔንህ ያልቃል። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ቡልፔኑ ያደረገውን ከላይ አንብበሃል።

ኢኒንጉን በዓመት ደርድረህ እየው። 2022፦ 85⅔። 2023፦ ኮሌጅና ማይነር ሊግ ተደምሮ 129⅓። 2024፦ ትሪፕል ኤና ሜጀር ሊግ ተደምሮ 160⅓። 2025፦ 187⅔። ከ2023 ወደ 2024 የጨመረው 24 በመቶ ነው። ይህ መሰላል በዕድል የተሠራ አይደለም። ኤፕሪል ላይ በጨዋታ 6 ኢኒንግ ቢያስወረውሩት ኖሮ ወይ ኦገስት ላይ ያስቀምጡታል ወይ ከ180 በላይ ያስኬዱታል።

ሌላው፣ በጨዋታዎቹ መሃል ያለው እረፍት። የተለመደው 4 ቀን እረፍት፣ በ5ኛው መወርወር ነው። ለስኪንስ ግን ብዙውን ጊዜ 5 ቀንና ከዚያ በላይ ነበር የሰጡት። ኮሌጅ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን የለመደ ክንድ ስለሆነ ድንገት ወደ 5 ቀን ዙር ማስገባት ራሱን የቻለ ጭነት ነው።

#10 የዲሲው

እኛ ዋሽንግተን ያለን ይህን ፊልም አይተነዋል። ስቲቨን ስትራስበርግ፣ የ2009 1ኛ ምርጫ፣ ጁን 8፣ 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 ስትራይክ አውት፣ ዜሮ ዎክ። ያውም በማን ላይ? በፓይሬትስ! 12 ጨዋታ፣ 68 ኢኒንግ፣ ከዚያ ክርኑ። ሴፕቴምበር ላይ ቶሚ ጆን (የክርን ጅማት የሚተካበት) ቀዶ ሕክምና። በ2011 መጨረሻ ተመልሶ በ2012 159⅓ ኢኒንግ ላይ ክለቡ «በቃህ» ብሎ አስቀመጠው፣ ቡድኑ ለዋንጫ ሲሄድ እሱ ቁጭ ብሎ አየ። በዚያ የተነሳው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የስኪንስ 2024 ድምር 160⅓ ነው። አንድ ኢኒንግ ልዩነት። ልዩነቱ ፓይሬትስ ጭነቱን ከፊት ቀንሰው ጀመሩ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስ ከኋላ ቆረጡት። የቱ እንደሚሻል አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

#11 ውልና_ደመወዝ

@ወርቅ_ክንድ የቡልፔኑን ነገር እቀበላለሁ። ግን ሁለቱም ምክንያት በአንድ ቀን የሚገጣጠሙ መሆናቸው ለክለቡ እንዴት እንደተመቸ ተመልከትልኝ።

#12 ወርቅ_ክንድ

ተመችቷቸዋል፣ እሱን አልከራከርህም።

#13 ሌሊት_7፡40

ጁላይ 11 ከሚልዋኪ ጋር 7 ኢኒንግ አንድ ሂት ሳይሰጥ፣ 11 ስትራይክ አውት አድርጎ ለምን አወጡት? እንቅልፌን ሰውቼ ታሪክ ልይ ስል ቡልፔኑ መጣ። ሜይ 17 በኩብስ ሜዳ ሪግሊ ላይም 6 ኢኒንግ ያለ ሂት፣ 11 ስትራይክ አውት፣ ወጣ።

#14 ሂሳቡ_ይቁጠር

ሚልዋኪ ላይ 99 ፒች፣ ሪግሊ ላይ 100 ደርሶ ነበር። 99 ላይ ያለ ሰው ሁለት ኢኒንግ ለመጨረስ በጥሩ ቀን 25 ፒች ያስፈልገዋል። 124 ማለት ነው። ጨዋታው ደግሞ 1 ለ 0 ነበር፣ አንድ የደከመ ስፕሊንከር መሃል ላይ ከቀረ እኩል ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፣ ባይጥምም። 1 ለ 0 አሸንፈው ወጡ።

ከ5 ቀን በኋላ ቴክሳስ ላይ የኦል ስታሩን (የሊጎቹ ምርጦች) ጨዋታ ጀመረ፣ 11 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ። በሩኪ ዓመቱ ያን ጨዋታ የከፈተ ከሱ በፊት አራት ሰው ብቻ ነው፦ ስቴንሃውስ 1962፣ ፊድሪች 1976፣ ቫሌንዙዌላ 1981፣ ኖሞ 1995። ሁዋን ሶቶን ዎክ ሰጠው፣ አሮን ጀጅን መሬት ለመሬት አስመትቶ ጨረሰ።

#15 እናት_ከሲያትል

ጤና ይስጥልኝ። ክሩን ሳነብ ለጥያቄ አመቺ መሰለኝ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ፒቸር ነው፣ ካቸርም ያጫውቱታል። ስፕሊንከር ካልተማርኩ እያለ ነው። አሰልጣኙም ከባድ ኳስ በመወርወር ፍጥነት ይጨምር ይላል። በሁለት ቡድን ይጫወታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

#16 ወርቅ_ክንድ

እህቴ፣ ስፕሊንከሩን እርሺው። የ13 ዓመት ልጅ ጣት ለዚያ አያያዝ አይበቃም፤ ጣቱን በግድ ሲከፍት የክንዱ ጡንቻ ከክርኑ ጀምሮ ይወጠራል፣ በዚያ ውጥረት ላይ ሙሉ ኃይል ሲወረውር የውስጥ ክርኑ ይሳባል። በዚያ ዕድሜ ቀድሞ የሚጎዳው ጅማቱ ሳይሆን ጅማቱ የተያያዘበት ገና ያልጠነከረ የአጥንት ማደጊያ ነው። ከክርኑ በውስጥ በኩል ስትነኪው «አይ» ካለ፣ ወይም ክንዱን ሙሉ መዘርጋት ካቃተው ያን ቀን ይቁም፣ ሐኪም ይየው። በረዶ አድርጎ ለቅዳሜ ማድረስ አይደለም መፍትሔው።

በስፕሊንከር ፈንታ ቼንጅአፕ ይማር። ኳሱን በጣት ጫፍ ሳይሆን ወደ መዳፉ ጠለቅ አድርጎ ይያዝ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት በጎን ቀለበት ይሥሩ፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ከላይ ይሁኑ። ክንዱ ግን ልክ እንደ ፋስትቦሉ ይፍጠን። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ኳሱን ለማዘግየት ክንዳቸውን ያዘገያሉ፣ መቺው ከሩቅ ያየዋል። የሚያዘገየው አያያዙ ነው፣ ክንዱ አይደለም። ፋስትቦልና ቼንጅአፕ ስትራይክ ላይ ማስቀመጥ ሳይችል የሚታጠፍ ኳስ አይጀምር።

ቁጥሮቹን ከሜጀር ሊግና ከዩኤስኤ ቤዝቦል የፒች ስማርት መመሪያ ልስጥሽ። ለ13 እና 14 ዓመት በቀን ከ95 ፒች አይለፍ። እስከ 20 ፒች ከወረወረ እረፍት አያስፈልገውም። 21 እስከ 35፣ 1 ቀን። 36 እስከ 50፣ 2 ቀን። 51 እስከ 65፣ 3 ቀን። 66 እና ከዚያ በላይ፣ 4 ቀን። በዓመት ከ100 ኢኒንግ አይብለጥ። በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከመወርወር ይረፍ፣ ከዚያ ውስጥ 2 ወይም 3 ወሩ ተከታታይ ይሁን። በእረፍቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወት፣ ይዋኝ፣ ምንም ችግር የለም።

በከባድ ኳስ ፍጥነት መጨመር አጥንቱ ላልጠነከረ ልጅ አይደለም። ፍጥነት የሚመጣው ከእግርና ከወገብ ነው፤ ስኳትና ላንጅ በራሱ ክብደት፣ ሜዲሲን ቦል በሁለት እጅ ግድግዳ ላይ መወርወር ለአሁኑ በቂ ነው።

#17 ፕሌት_ጀርባ

ካቸርነቱ ላይ ልጨምር እህቴ። ስኪንስም ካቸር ነበር ብለው ቢያሳምኑሽ እንዳትሰሚ፤ እሱ ኮሌጅ የገባ ጎልማሳ ሰው ነበር። ፒቸርና ካቸር በአንድ ጨዋታ አይሁን፣ መመሪያውም እንዲቀር ይመክራል። ካቸር ኳሷን ወደ ፒቸሩ ብቻ እንኳ በጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ይመልሳል፣ በዚያ ላይ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በሙሉ ኃይል የሚወረውረው አለ። እነዚህ በፒች ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ፒች ባደረገ ማግሥት መጫወት ከፈለገ መጀመሪያ ቤዝ ላይ ይቁም፣ እዚያ መወርወር ትንሽ ነው።

የማውንዱንም ርቀት ተመልከቺ። የትንሾቹ ሜዳ 14 ሜትር ነው፣ የትልቆቹ 18.44። በዚህ ዕድሜ ነው ልጆች የሚሸጋገሩት። ኳሷ አልደርስ ስትላቸው አካላቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው በክንዳቸው ብቻ መግፋት ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ኃይሉን ቀንሶ፣ የፊት እግሩ መሬት ሲነካ ክንዱ ከፍ ብሎ ዝግጁ መሆኑ ላይ ብቻ ያተኩር። እግሩ መሬት ነክቶ ኳሱ ገና ወገቡ ጋ ከሆነ ክንዱ ዘግይቷል፣ ቀሪውን ጫና ክርኑ ይከፍለዋል። በስልክ ከጎን ቀርጸሽ አዘግይተሽ ብታይው ይታይሻል።

#18 እናት_ከሲያትል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ ብቻ፦ ሁለቱ አሰልጣኞች እርስ በርስ አይነጋገሩም። ቅዳሜ አንደኛው 50 ቢያስወረውረው እሁድ ሌላኛው አያውቅም። ማን ነው የሚቆጥረው?

#19 ወርቅ_ክንድ

አንቺ ነሽ። በጣት የሚጫን መቁጠሪያ ትንሽ ዋጋ ነው፣ በእጅሽ ያዢው። በሜዳው ላይ ለመቺ የወረወረውን በሙሉ ቁጠሪ፣ የማሟሟቂያውን አይደለም። ቀኑን፣ ቡድኑንና ቁጥሩን ጻፊና ለሁለቱም አሰልጣኞች በዚያው ማታ በአንድ መልእክት ላኪላቸው፦ «ቅዳሜ 50 ወርውሯል፣ ከማክሰኞ በፊት አይወረውርም»። 50 ፒች 2 ቀን ስለሆነ እሁድና ሰኞ ያርፋል። እሁድ ከጠየቁት መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ እጃቸው ላይ አለ።